ሞምባሳ በየትኛው ነፋስ?

በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣለት፣ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደ ሞምባሳ የመውረድ ወሬ ይነሣል። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው። መልሱም እንደየሰዉ ነው። አንዱ በታኅሣሥ ካልሆነ የባሕር ዳር ሽርሽር ምኑ ሽርሽር ነው ይላል። ሌላው በታኅሣሥ ወርዶ ሌሊቱን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀው ማደሩን አልረሳምና በነሐሴ ይሻላል ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ርካሽ ዋጋ አግኝቶ በግንቦት የሄደ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሲቆጥር ሰንብቶ ስለ ተመለሰ፣ የከተማዋ ስም ሲጠራ ትዝ የሚለው የተዘጋ ሰማይና የደፈረሰ ውሃ ብቻ ነው። ሦስቱ ቢከራከሩ አይግባቡም፤ እያንዳንዳቸው የሚናገሩት ስለ ሌላ ሞምባሳ ነውና።

ከደጋ የሚወርድ ሰው በጓዙ ውስጥ የራሱን የዘመን አከፋፈል ይዞ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ክረምት፣ ታኅሣሥና ጥር በጋ መሆናቸው ለአዲስ አበባ ወይም ለጎንደር ሰው እንደ ቀንና ሌሊት የማያከራክር ነገር ነው። ሞምባሳ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ አራት ዲግሪ ያህል ርቃ፣ በባሕር ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ደሴት ናት። እዚያም ሐምሌ ከዓመቱ ቀዝቃዛ ወራት አንዱ ነው፤ «ቀዝቃዛ» ሲባል ግን ቀን ቀን 27 እና 28 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ 21 ገደማ ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ 32 እና 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ከ24 እምብዛም ዝቅ አይልም። ቁጥሩ ብቻውን ነገሩን አይገልጠውም። በድሬዳዋና በአፋር ከዚህ የባሰ ሙቀት አለ። የሞምባሳው ወበቅ ነው። አየሩ ውሃ ያዘለ ስለ ሆነ ላብ አይደርቅም፣ ልብስ ከገላ ይጣበቃል፣ ጥላ ሥር መቀመጥም እንደ ደረቁ ቆላ ፈጣን እፎይታ አይሰጥም።

ስለ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። በዓመት ውስጥ በሞምባሳ የሚወርደው የዝናብ መጠን ከአዲስ አበባው ብዙ የራቀ አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ሺሕ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ያገኛሉ። የሚለያዩት በአወራረዱ ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ወደ ሰሜን በሚያደርገው ጉዞ መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያን ደጋ ሲያገኝ እዚያ ክረምት ይሆናል፤ ሞምባሳ ግን በመንገዱ መካከል ስላለች በዓመት ሁለት ጊዜ ያልፍባታል። ሲሄድ የሚጥለው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ከባድ ዝናብ ማሲካ ይባላል። ሲመለስ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ የሚያርከፈክፈው ቀለል ያለው ቩሊ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሰው ጃንጥላውን በሚዘረጋበት በሐምሌ የሞምባሳ ሰው ጃንጥላውን ካጠፈ ሰንብቷል ማለት ነው። የአገር ቤት ልጆች በክረምት ዕረፍት ላይ ሳሉ የሞምባሳ አየር ከሁሉ ይልቅ ለደገኛ ሰውነት የሚስማማ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የከተማዋ ሰዎች ዓመታቸውን የሚከፍሉት በዝናብ ብቻ አይደለም። ዋናው መክፈያቸው ነፋስ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብና ከሕንድ አቅጣጫ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ ኩሲ ነው። ኩሲ የምድርን ወገብ ከተሻገረ በኋላ በሶማሊያ ጠረፍ ታጥፎ ወደ ሕንድ ያቀናል፤ የሕንድን ታላቅ ዝናብ የሚሸከመው ይኸው ነፋስ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከልና ውስጥ ስዋሂሊዎች ሌሎች ስሞችም አሏቸው፤ ለደረቁ ሙቀት ኪያንጋዚ፣ ከከባዱ ዝናብ በኋላ ለሚመጣው ቅዝቃዜ ኪፑፕዌ፣ ኩሲ ጉልበቱ ሲደክምና ነፋሱ ለስላሳ ሲሆን፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ላለው ጊዜ ደግሞ ደማኒ። ይህ የመጨረሻው ቃል በጀልባም ላይ አለ፤ ባሕረኛው ሸራውን የሚያጠብቅበትንና የሚያላላበትን ገመድ በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ነፋስን እንዲህ አድርጎ መቁጠር ዛሬ እንደ ጌጥ ሊታይ ይችል ይሆናል። በቀደመው ዘመን ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1498 ሞምባሳ ደጃፍ ደረሰ። ከከተማዋ ጋር ስላልተስማማ ወደ ማሊንዲ አለፈ፤ በዚያም መንገድ መሪ ተሰጥቶት ኤፕሪል 24 ቀን ሸራውን ዘረጋ። ኩሲ ገና መንፈስ የጀመረበት ጊዜ ነበርና ሰፊውን የሕንድ ውቅያኖስ በ23 ቀን ገደማ ተሻግሮ የሕንድን ተራሮች አየ። ሲመለስ ግን የአገሩን ሰዎች ምክር ለመስማት ትዕግሥት አላገኘም። ካስካዚ እስኪጸና ሳይጠብቅ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተነሣ። አንድ ጊዜ ነፋስ ፊት ለፊት እየመጣበት፣ አንድ ጊዜ ጭራሹን እየጠፋበት፣ በ23 ቀን የሄደውን መንገድ ለመመለስ ሦስት ወር ያህል ፈጀበት። በዚያ መካከል ድድ በሚያሳብጠውና ጥርስ በሚያረግፈው የባሕረኞች ሕመም ብዙ ሰዎቹ አለቁ። በ1499 መጀመሪያ ላይ የአፍሪካን ጠረፍ ሲያገኝ መርከቦቹን ሁሉ ለመንዳት የሚበቃ ሰው አልቀረውምና አንዱን መርከብ፣ ሳኦ ራፋኤልን፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ በገዛ እጁ አቃጥሎ ሄደ። ወቅትን ያለመምረጥ ዋጋ እንዲህ ጎልቶ የታየበት ሌላ ጉዞ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ነፋሱ በዚያው ከተማ ላይ ሌላ ፍርድ ሰጥቷል። ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምረው በደሴቲቱ ጠርዝ ላይ የገነቡት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ በማርች 1696 በኦማን ሰዎች ተከበበ። ከበባው ሠላሳ ሦስት ወር ቆየ። በቅጥሩ ውስጥ ከነበሩት ከጠላት ጥይት ይልቅ በሽታ የጨረሳቸው ይበዛሉ። ርዳታ ሊመጣ የሚችለው የሕንድ ማዕከላቸው ከነበረችው ከጎዋ ነው፤ ከጎዋ የሚነሣ መርከብ ደግሞ ካስካዚን መጠበቅ ግድ ነበረበት። በቅጥሩ ላይ ሆነው ባሕሩን የሚያዩት ሰዎች በየትኞቹ ወራት ሸራ ብቅ ሊል እንደሚችል፣ በየትኞቹ ደግሞ ተስፋ ማድረግ ከንቱ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በዲሴምበር 1698 ምሽጉ ወደቀ። ከቀናት በኋላ የርዳታው መርከቦች ደረሱና ከላይ የሚውለበለበው ባንዲራ የኦማን መሆኑን አይተው ተመለሱ። ዛሬ ፎርት ጂሰስ ሙዚየም ነው፤ ከ2011 ወዲህም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚው በቅጥሩ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከፊቱ የሚነፍሰው ነፋስ ከሰሜን ይሁን ከደቡብ ልብ የሚለው አልፎ አልፎ ነው።

ነፋሱ ሰዎችን ያመጣ ብቻ ሳይሆን ያስቆይም ነበር። ከዐረብ፣ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤና ከሕንድ በካስካዚ የመጣ ነጋዴ፣ ኩሲ እስኪነሣ ድረስ ለወራት ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ቀን ይነግዳል፣ ማታ ይጫወታል፣ አንዳንዱም እዚያው ያገባል። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ላይ የሚታዩት የተቀረጹ የእንጨት በሮችና ወደ መንገዱ የሚያዘነብሉት ሰገነቶች፣ የቋንቋው ግማሽ ዐረብኛ የሚመስል ቃና፣ በሩዙ ውስጥ ያለው ቅመም፣ ሁሉም የዚያ የግዴታ ቆይታ ልጆች ናቸው። ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ በዚህ ሲያልፍ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆንም፣ ሰዎቹ በብዛት ሙዝና ዓሣ እንደሚበሉ፣ መስጊዶቻቸው በእንጨት አጥብቀው የተሠሩ እንደ ሆኑ፣ በየበሩም እግር የሚታጠቡበት ውሃ እንዳለ ልብ ብሎ ጽፏል። ለአንድ ሌሊት እንግዳ መጥፎ አይደለም። የዛሬ ጎብኚ በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል አይቶ ቢመለስ ደግ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው በዚያች ከተማ የሚጠብቀው አንድ የማይጠበቅ ዝምድና ደግሞ አለ። ስዋሂሊ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ሰዓት «ሳ ሞጃ» ሲባል የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ይህ አቆጣጠር ለአገሩ የተሠራ ልክ ልብስ ነው። በናይሮቢ በእንግሊዝኛው ሰዓት ሲደናገር የኖረ ሐበሻ በሞምባሳ ገበያ ከባለ ሱቅ ጋር ያለ ሒሳብ ሥራ ይግባባል። የድሮ ባሕረኞችና ገበሬዎችም ከጨረቃው የእስልምና አቆጣጠር ጎን ለጎን ናይሩዝ ከሚባል ቀን የሚጀምር የፀሐይ ዓመት ነበራቸው፤ ቀኖቹን በአሥር በአሥር እየከፈሉ ነፋሱና ዝናቡ የሚመጣበትን ያሰሉበት ነበር። ስሙ ከፋርስ የመጣ ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖችም ከእኛ እንቁጣጣሽ ጋር በአንድ ቀን የሚውለውን ዘመን መለወጫቸውን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ሁለት አቆጣጠር ያስፈለጋቸው የጨረቃው ዓመት ከወቅቶች ጋር ስለማይሄድ ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ ነፋሶችን ሁሉ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2030 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪና በዲሴምበር ይጀምራል። የሞምባሳን አሮጌ ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው ይህንንም ማስላት ይኖርበታል። በጾሙ ወር ቀኑ ጸጥ ይላል፣ ብዙ ምግብ ቤትም ይዘጋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መንገዱ በመብራትና በምግብ ሽታ ይሞላል። ባሕሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን እንደ እንቅፋት ያየዋል። ሰዉን ማየት የሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ ማታ አያገኝም።

የጉዞ ድርጅቶች ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው ያላቸው፤ «ከፍተኛ ወቅት»። ታኅሣሥና ጥር፣ ፋሲካ፣ ደግሞም ነሐሴ። ከፍ የሚለው ዋጋው እንጂ አየሩ ላይሆን ይችላል። በፈረንጆች ገና ሰሞን የናይሮቢ ነዋሪ በሙሉ የወረደ እስኪመስል ድረስ የባሕሩ ዳር ይጣበባል። በ2017 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ከናይሮቢ ተነሥቶ በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ሚሪቲኒ ያደርሳል፤ በበዓል ሰሞን ግን ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል። ካስካዚ የራሱ በረከት የለውም ማለት አይደለም። ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል፤ ዓሣ አጥማጁ ከኮራሉ ዐለት ውጭ ወደ ጥልቁ ወጥቶ ጥሩ የሚያገኘው፣ ጠላቂውም ከውሃ በታች ርቆ የሚያየው ያን ጊዜ ነው። የባሕር ዳሩ ማንጎ በብዛት የሚደርሰውም በነዚሁ ወራት ነው። በኩሲ ጊዜ በአንጻሩ ውቅያኖሱ ይናወጣል፣ ትንንሽ ጀልባዎች ከዐለቱ ወዲህ ይቆያሉ፤ ነገር ግን ከደቡቡ ቀዝቃዛ ባሕር የሚመጡት ግዙፍ ዓሣ ነባሪዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ በኬንያ ጠረፍ ያልፋሉ። ወጣት ሆኖ ከውሃው ሳይወጣ ለመዋል የሚሄድ ሰው በጥር ቢሄድ አይጎዳም። ጤንነቱ ጠንቃቃ የሆነ፣ በእግሩ ሊዞር፣ ማታም ያለ ማቀዝቀዣ ሊተኛ የሚፈልግ ደገኛ ግን ጥርን ለሌላው ይተው።

በናይሮቢ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ይህን ሁሉ ልታስብ የተገደደችው በእናቷ ምክንያት ነው። እናቲቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ የደም ግፊት አለባቸው፤ ባሕር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ልጅቱ የዓመት ፈቃዷን የምታገኘው በዲሴምበር ስለ ነበር ለዚያ ጊዜ አሰናድታ ነበር። ሐኪማቸው ስለ ሙቀቱ ሲያስጠነቅቅ ሐሳቧን ለወጠችና ለመሥሪያ ቤቷ አመለከተች፤ ነሐሴን ፈቀዱላት። አሁን ደግሞ እናት እምቢ አሉ። ፍልሰታን ከደብራቸው ተለይተው አያውቁም። «ፍልሰታ ካለፈ በኋላስ እማዬ?» ብትላቸው እንቁጣጣሽን ቤታቸውን ዘግተው የት ይሄዳሉ። ከዚያም መስቀል አለ። ልጅቱ በስልክ ስትከራከር አምሽታ በመጨረሻ ተሸነፈች፤ ጉዞው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። እናት በዓላቸውን ሲጠብቁ የስዋሂሊ ባሕረኛ የሚመርጠውን ደማኒን ሳያውቁት አገኙ። የልጅቱም ሰንጠረዥ፣ የሐኪሙም ምክር ያን ያህል አልተሳካላቸውም።

ጉዞው ከጽጌ ጾም ጋር ገጠመ። የፈቃድ ጾም ቢሆንም እናት አይተዉትም። ልጅቱ «በባሕር ዳር ከተማ ምን ያበላሉ?» ብላ ሽሮና በርበሬ ሸክፋ ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰበችው አልሆነም። የስዋሂሊ ወጥ ቤት ቅቤን በኮኮናት የተካ ወጥ ቤት ነው። ሩዙ በኮኮናት ወተት ይበስላል፣ ባቄላውም በኮኮናት ወተት። ምባዚ የሚባለው አተር መሰል እህል በዚያው ወተት ወጥ ይሆንና፣ ሄል ከገባበት ማሃምሪ ከሚባል ለስላሳ ጥብስ ዳቦ ጋር ለቁርስ ይቀርባል። እናት ስለ እያንዳንዱ ምግብ «ወተት አለበት?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር፤ መልሱ «የዛፍ ወተት ነው» የሚል ሲሆን መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ቆይተው ግን አንድ ያልተላጠ ኮኮናት ለደብራቸው ሰዎች ለማሳየት ገዙ። ሽሮው ሳይፈታ ተመለሰ።

ወቅቱን እንዲህ አስተካክለው የሄዱት እናትና ልጅ የሳቱት ሰዓቱን ነው። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ልጅቱ እናቷን ደግፋ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። ፊት ለፊታቸው የተዘረጋው እርጥብ አሸዋ፣ አረንጓዴ ሣርና የተቦረቦረ ዐለት ነበር። ሰዎች ጎንበስ ብለው በዐለቱ ጉድጓዶች መካከል አንዳች ነገር ይፈልጋሉ፤ ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተዋል። ባሕሩ በሩቅ እንደ ነጭ ክር ብቻ ይታያል። እናት ረጅም ጊዜ ቆመው አዩና፣ «ታዲያ ባሕሩ የት ሄደ?» አሉ።

ጥያቄው የሚገባ ነበር። በሞምባሳ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ከፍተኛ በሚሆንበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ውሃው ጠዋት አራትና አምስት ሰዓት ላይ ከሁሉ ርቆ ይሸሻል፤ ወደ ማታ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ እስከ ዘንባባዎቹ ሥር ይመጣል። በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ለአጭር ጉብኝት የሚሄድ ሰው ወሩን ከመምረጥ የማይተናነስ ጥንቃቄ ለጨረቃዋ ቢያደርግ ይጠቀማል፤ ይህን የሚያሳስቡ የጉዞ መጽሔቶች ግን እምብዛም አይታዩም። በዚያው ቀን ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግራቸው ሥር አሸዋውን ሲወስድባቸው ልጃቸውን ጨምድደው ያዙ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልወጡም።

ይህ ሁሉ የወራት ስሌት የሚሠራው ወቅቶች በቦታቸው እስካሉ ድረስ ነው። እነርሱም አልፎ አልፎ ይከዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኤል ኒኞ በተባለው የባሕር ሙቀት ለውጥ ምክንያት ቀላሉ ዝናብ ቩሊ ከማሲካ የከፋ ጎርፍ ይዞ መጣ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ውሃው ከልክ በላይ ስለ ሞቀ ከባሕሩ በታች ያለው ኮራል ነጣ፤ ብዙውም ሞተ። በ2019 የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ዳር ከምሥራቃዊው ይልቅ በመሞቁ ዳግመኛ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ በ2023 ኖቬምበርም ሞምባሳንና አካባቢዋን ጎርፍ አጥለቀለቀ። በጥቅምትና በኅዳር ለሚሄድ ሰው እንግዲህ የአያቶቹ አቆጣጠር ብቻ አይበቃውም፤ የዓመቱን የአየር ትንበያ ከመነሣቱ በፊት መስማት አለበት። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ጊዜ ግን ከሌሎቹ ይልቅ አሁንም ቃሉን ይጠብቃል።

የዚያች ልጅ ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ እናቱ ያመጡትን ኮኮናት ካየ ወዲህ እርሱም መሄድ አምሮታል። ፈቃድ የሚያገኘው በግንቦት ብቻ ነው። እኅቱ መጀመሪያ ልትከለክለው አሰበች፣ በኋላ ግን ተወችው። በግንቦት ከዓመቱ ዝናብ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይወርዳል፤ ባሕሩ ደፍርሶ ይናወጣል፣ የአንዳንድ መንገድ ውሃ ቱክቱክ አያሳልፍም። ይሁንና ዝናቡ በአብዛኛው ሌሊትና ማለዳ ይወርድና ረፋዱ ላይ ይከፍታል፤ የክፍል ኪራይ ይረክሳል፤ በፎርት ጂሰስ ቅጥር ላይ ብቻውን መቆም ይችላል። እርሱ ደግሞ ዋናተኛ አይደለም፤ በሮችንና አሮጌ ቤቶችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ነው፤ የረጠበ የኮራል ድንጋይ ግድግዳ ከደረቁ ይልቅ ያምርበታል። ጃንጥላና ውሃ የማያበላሸው ጫማ እንዲይዝ፣ ብዙ የባሕር ዳር ሆቴሎች በዚያ ወር ለእድሳት ስለሚዘጉም አስቀድሞ ደውሎ ክፍት መሆናቸውን እንዲጠይቅ ነግራዋለች።